አልፍሬድ ቬገነር፤ የክፍላተ ዓለምን ጉዞ የመረመረ ሊቅ

ምድር በሰው ዓይን ስትታይ ጸንታ የቆመች ትመስላለች። አባት ያየውን ተራራ ልጅም በዚያው ስፍራ ያየዋል። ነገር ግን ክፍላተ ዓለም በዘመን ብዛት ከስፍራቸው እየፈለሱ እንደሚለያዩና እንደሚጋጠሙ በምርምር ታውቋል። ይህንንም በብዙ ማስረጃ አሰናድቶ ለዓለም ያቀረበው ጀርመናዊው ሊቅ አልፍሬድ ቬገነር ነው፤ የድካሙን ዋጋ ግን በሕይወቱ ሳለ አላገኘም።

ቬገነር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በኖቬምበር 1 ቀን 1880 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የወንጌል ሰባኪና የጥንት ቋንቋዎች መምህር ነበረ። ልጁም በ1905 ዓ.ም. በሥነ ከዋክብት ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ የአየርን ጠባይ ወደ መመርመር ተመለሰ። በ1906 ዓ.ም. ከወንድሙ ከኩርት ጋራ በባሉን ወጥቶ 52 ሰዓት ተኩል በአየር ላይ በመቈየት በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ በለጠ። በዚያውም ዓመት ወደ ግሪንላንድ ሄዶ በበረዶው አገር ሁለት ዓመት ያህል ሠራ።

ከዚያም በማርቡርግ መምህር ሳለ የብራዚል ዳርቻና የምዕራብ አፍሪቃ ዳርቻ እንደ ተቀደደ ወረቀት የሚገጥሙ መሆናቸውን አስተዋለ። ሜሶሳውረስ የተባለው የጥንት እንስሳ አጥንት በደቡብ አፍሪቃና በብራዚል ድንጋይ ውስጥ ይገኛል፤ ይህ ፍጥረት ግን ታላቁን ውቅያኖስ በዋና ሊሻገር አይችልም ነበረ። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት በመካከል ድልድይ የሚሆን ምድር ነበረ፤ ኋላ ግን ሰጠመ ይሉ ነበረ። ቬገነር ግን የክፍላተ ዓለም ድንጋይ ከባሕሩ ወለል ድንጋይ የቀለለ ነውና ሊሰጥም አይችልም፤ ስለዚህ ምድሩ ተለያየ እንጂ አልሰጠመም ብሎ አስረዳ። አሳቡንም በጃንዋሪ 6 ቀን 1912 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ገለጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት ጊዜ ከቈሰለ በኋላም በ1915 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣው።

ብዙዎች ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ክፍላተ ዓለምን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ምንድን ነው ብለው በጠየቁት ጊዜ የምድርን መዞርና የፀሐይንና የጨረቃን ስበት ምክንያት አደረገ፤ ኃይሉ ግን ሲሰላ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ደግሞም የግሪንላንድን የጉዞ ፍጥነት ከእውነተኛው አብዝቶ ገምቶ ነበረ። ከዚህም በላይ ሥራው የአየር ምርመራ ስለ ነበረ፥ በድንጋይ ትምህርት ገብቶ እንዲናገር ያልወደዱ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. በኦስትሪያ አገር በግራትስ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1930 ዓ.ም. በግሪንላንድ በረዶ መካከል ከዳርቻው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የምርመራ ጣቢያ እንዲቈም አደረገ። በዚያ ላሉት ሁለት ባልንጀሮቹ ስንቅ ሊያደርስ በውሻ በሚሳብ ጋሪ ተነሥቶ፥ ከብርዱ ጽናት የተነሣ አብዛኞቹ አጃቢዎች ሲመለሱ እርሱ ከሁለት ሰዎች ጋራ በኦክቶበር 30 ቀን ደረሰ። ከሁለቱም የአንዱ የእግሩ ጣቶች በብርድ ስለ ሞቱ በዚያው ቀረ። ስንቁ ለአምስት ሰው አይበቃም ነበርና፥ ቬገነር 50 ዓመት በሞላው ዕለት ራስሙስ ቪሉምሰን ከተባለው የግሪንላንድ ሰው ጋራ የመልሱን ጉዞ ጀመረ፤ ሁለቱም ሳይመለሱ ቀሩ። በ1931 ዓ.ም. በሜይ ወር የቬገነር ሬሳ በክብር ተገንዞ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ይህን መልካም ሥራ የሠራው ቪሉምሰን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከሞቱ 30 ዓመት ያህል በኋላ የባሕር ወለል ተመረመረ። በውቅያኖስ መካከል ባለው የተራራ ሰንሰለት የቀለጠ ድንጋይ ከታች እየወጣ አዲስ ወለል እንደሚሆን፥ አሮጌውም ወለል በሌላ ስፍራ ወደ ምድር ውስጥ እንደሚሰጥም ሃሪ ሄስ በ1962 ዓ.ም. ገለጠ። በማግኔት የተደረገውም ምርመራ ይህን አጸና። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ ሆኖ የነበረው ታላቅ ምድር ተከፍሎ ክፍላተ ዓለም መሆኑ ታወቀ፤ ዛሬም በዓመት ጥቂት ሳንቲ ሜትር እየሄዱ መሆናቸው ከሰማይ በሚላኩ መሣሪያዎች ይለካል። በአገራችንም በአፋር ምድር በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አጠገብ የቀለጠ ድንጋይ ከምድር በታች ገብቶ፥ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ምድሩን እስከ 8 ሜትር ድረስ አራራቀው። አረቢያን ከአፍሪቃ የለየው ሥራ ገና አልተፈጸመም።

የቬገነር ተቃዋሚዎች የኃይሉን ምክንያት መጠየቃቸው የተገባ ነበረ። ጥፋታቸው ምክንያቱ ስላልተገኘ ምስክሩን ሁሉ አብረው መጣላቸው ነው። አንድ ነገር መሆኑና እንዴት እንደሆነ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። በጉባኤም ሆነ በሸንጎ ለመመርመር የተቀመጠ ሰው የተናጋሪውን ማዕርግና ሙያ ሳይሆን ያመጣውን ማስረጃ ቢመዝን፥ እውነት እስኪገለጥ ድረስ ይህን ያህል ዘመን ባልዘገየም ነበረ።