ከፓሪስ ሆነው ለባሌ ሕግ የጻፉት ሰው

የሕግ ተማሪ ሳለን የፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድን ስም የምንጠራው እንደ ሩቅ አያት ስም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁ ፈረንሳዊ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ከዚያ አልፎ ማንነታቸውን የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም። እኔም የጠየቅሁት ዘግይቼ፣ ከዓመታት በፊት ወደ ሮቤ በሄድኩ ጊዜ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ስንዴ ማሳ ዳር ሽማግሌዎች ለጃርሱማ ተቀምጠዋል። ክርክሩ የወሰን ነው። ሰነድ የሚባል ነገር የለም። አንድ አዛውንት ድንበሩ በየትኛው ድንጋይ እንደሚያልፍ ተናገሩ፣ ጓደኛዬ ተረጎመልኝ፣ ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ፣ የተማርኩት አይለቀኝምና፣ በልቤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3347ን እያሰብኩ ነበር።

ሬኔ ዳቪድ በ1906 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በግረኖብል፣ ኋላም በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ሙያቸው የዓለምን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ነበር፤ የእንግሊዙንም የሶቭየቱንም አጥንተው ጽፈዋል። በ1946 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያረቁ ጠሯቸው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ እየጻፉ ለሕግ አርቃቂው ኮሚሽን አቀረቡ፤ ወደ አማርኛ ተተርጎመ፤ 3367 ቁጥሮች ያሉት መጽሐፍ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

ሰውየው የአገሩን ልማድ ባለማወቅ የረገጡ አልነበሩም። እምነታቸውን በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በግልጽ አስቀምጠውታል። አውሮፓ ሕጓን ለማብሰል ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶባታል፣ ኢትዮጵያ ግን ያን ያህል የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም ባይ ነበሩ። ልማዱ ከቦታ ቦታ የተለያየ ነው፣ ስለዚህ ሕጉ ያለውን የሚመዘግብ ሳይሆን አዲስ ኅብረተሰብ የሚቀርጽ ይሁን አሉ። ቁጥር 3347 የዚህ እምነት ልጅ ነው፦ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረው የልማድ ደንብ ሁሉ፣ ሕጉ ራሱ ካላስቀረው በቀር፣ ተሽሯል።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጡት ታዋቂ የንጽጽር መጽሐፋቸው ስለ ሩቅ ምሥራቅ አገሮች ሲያብራሩ፣ በኮንፊውሺየስ ትምህርት በታነጸው የቻይና ኅብረተሰብ ሕግ የመጨረሻ አማራጭ እንደሆነ፣ መካሰስ እንደ ነውር እንደሚታይ፣ ሰላም የሚወርደው በእርቅ እንደሆነ በአክብሮት ጻፉ። ለቻይናው የታያቸው ነገር የባሌው ጃርሳ ዘንድም ነበር። የአርሲ ኦሮሞ ነፍስ ቢጠፋ በጉማ ያስታርቃል፤ ሴቶች ሲንቄ ይዘው ሲቆሙ ጠበኛ ይለያያል። በሕጋቸው ግን ለሞተ ሰው ቤተሰብ የሚከፈለው የሞራል ካሳ ጣሪያው 1,000 ብር ነበር፤ የገዳይና የሟች ቤተሰብ ነገ በአንድ ወንዝ ከብት እንዴት እንደሚያጠጡ ግን አይናገርም።

ለእርሳቸውም ፍትሕ ይገባቸዋልና፣ ከቁጥር 3347 በፊት ያለው ምዕራፍ ስለ እርቅና ስለ ግልግል ነበር። ቁጥር 1489ም በልማድ መሠረት መሬት በጋራ ለሚጠቀሙ ማኅበረሰቦች ቦታ ሰጥቷል። የውል ሕጉም እስከ ዛሬ እንጀራችን ነው።

እኔ የምከሰው ግን ከ3347 ዝቅ ብሎ ያለውን ቁጥር ነው። ቁጥር 3363 የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ቀን እስኪቆረጥላቸው ድረስ እንዳይሠሩ አገደ። ቀኑ አልተቆረጠም። እንግዲህ አስቡት፤ የድንበሩ ምስክር የነበረው የሽማግሌው ቃል በሕግ ፊት ተሻረ፣ በቦታው ሊተካ የሚገባው መዝገብ ግን አልመጣም።

በባሌ በዚያው ዘመን መሬት በቃላድ ይለካል፣ ግብር ያልከፈለ ይነቀላል፣ የመንግሥት የተባለው መሬት ለሌላ ይሰጣል። በ1955 ዓ.ም. ገደማ በነዋቆ ጉቱ መሪነት የተቀጣጠለው የባሌ አመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ዘለቀ። አመፁን ያመጣው ሕጉ ነው አልልም፤ የመሬቱ፣ የግብሩና የአስተዳደሩ በደል፣ የሃይማኖቱም ቅሬታ ከመጽሐፉ የቀደመ ነው። ነገር ግን ጎባ ላይ፣ በጠቅላይ ግዛቱ ከተማ፣ መሬቴ ተወሰደ ብሎ ለሚቆም ገበሬ ያ ሁሉ የባለቤትነት ድንጋጌ በእጁ የሚያስይዘው ወረቀት አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን ከንብረት ሕጉ ትልቁ ክፍል ትርጉሙን አጣ። ፕሮፌሰሩ በ1976 እ.ኤ.አ. የኢራስመስ ሽልማትን ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ተቀበሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. አረፉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና የሚያገኙበት በር ተከፈተ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቋመች።

ወደ ሮቤው ማሳ ልመለስ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሊነሱ ሲሉ ከባለጉዳዮቹ አንዱ፣ ወጣት ነው፣ የተባለው ይጻፍልን አለ። ወረቀት የያዘ ሰው አልነበረም። ከማስታወሻዬ አንድ ቅጠል ገንጥዬ ሰጠሁት። ጉልበቱ ላይ አድርጎ በኦሮምኛ ጻፈ፣ ጮክ ብሎ አነበበ፣ አዛውንቱ የድንጋዩን ስም አረሙት። ሁለቱም ፈረሙ፤ አንዱ በጣቱ።