ሥራዋ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበው አሊስ ቦል

እህቶቼ፣ በማኅበራችን የቁጠባ መዝገብ ላይ የአንዷ አባል ገንዘብ በሌላ ሰው ስም ቢገባ ዝም የምትል አለች ብዬ አላምንም። በአሊስ ቦል ላይ የደረሰው ግን ይኸው ነው። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ታሪኳን ሳነብ ቆጨኝ።

አሊስ በ1892 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ከጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ኬሚስትሪና ፋርማሲ ተምራ ወደ ሃዋይ ሄደች። በ1915 ከሃዋይ ኮሌጅ በኬሚስትሪ የማስተርስ ዲግሪ ስትቀበል ከሴቶችም ከጥቁር አሜሪካውያንም የመጀመሪያዋ ነበረች። እዚያው ማስተማር ጀመረች።

በዚያን ጊዜ በሃዋይ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከቤተሰቡ ተነጥሎ ሞሎካይ በምትባል ደሴት ወዳለው ካላውፓፓ ይጋዝ ነበር። ለሕክምና የሚሰጠው ከቻውልሙግራ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት ነው። ሲጠጡት ያስመልሳል፤ በመርፌ ሲሰጥ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ከቆዳ ሥር ይቋጠርና ያሠቃያል። ሃሪ ሆልማን የተባለ ሐኪም እንድትረዳው ጠየቃት። አሊስም የዘይቱን አሲዶች ለይታ ከአልኮል ጋር በማዋሃድ፣ ሰውነት በቀላሉ የሚቀበለው የመርፌ መድኃኒት አደረገችው።

ውጤቱን ሳታሳትም ታመመች፤ በ1916 የመጨረሻ ቀን በ24 ዓመቷ አረፈች። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አርተር ዲን ሥራዋን ቀጥሎ ስሟን ሳያነሳ በራሱ ስም አሳተመ። መድኃኒቱን የወሰዱ ሕሙማን ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ምስጋናው ለእሷ አልደረሰም። ሆልማን ግን በ1922 ባወጣው ጽሑፍ ዘዴው የአሊስ መሆኑን መሰከረ። ዩኒቨርሲቲው በግቢው ባለ የቻውልሙግራ ዛፍ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ያኖረላት በ2000 ነው።

ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተሻሉ መድኃኒቶች መርፌዋን ተኩት። የሥጋ ደዌ እርግማንም የዘር በሽታም አይደለም፤ ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ፣ በነጻ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል። ሰውነቷ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማት ቦታ ያየች እህት ነርቭ ሳይጎዳ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ የታመመችን ጎረቤት ከቡናም ከዕድርም የምናርቅበት ምክንያት የለም።