የቡጋቲ ልጅ እና ያልተሞረደው ስፌት

ሰፈራችን ያለው ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ሥራ ማየት የቆየ ሱሴ ነው። የተጨረማመተ ፓራፋንጎ ከውስጥ በብረት ተደግፎ፣ ከላይ በመዶሻ ኳ ኳ እየተባለ ቅርጹ ሲመለስ ማየት ደስ ይለኛል። መዶሻው ያልጨረሰውን ደግሞ ስቱኮ ይሸፍነዋል። ሙያተኛውን ባቲላሜራ የምንልበት ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው።

ሰሞኑን እዚያው ቆሜ ስልኬን ስነካካ የአንዲት አሮጌ መኪና ፎቶ አገኘሁ። ቡጋቲ አትላንቲክ ትባላለች። ከፊት እስከ ኋላ ጀርባዋን ለሁለት የሚከፍል፣ እንደ ዓሣ ክንፍ የቆመ ስፌት አላት፤ በሪቬት የተያያዘ። እንዲህ ያለች ቆንጆ መኪና ላይ ይሄን ምን አመጣው? ለምን አልሞረዱትም? አልኩ። መልሱን ስፈልግ የአንድ ወጣት ታሪክ ውስጥ ገባሁ።

ዣን ቡጋቲ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1909 ጀርመን፣ ኮሎኝ ተወለደ። አባቱ ኤቶሬ የሚላን ሰው ነው፤ በዚያው ዓመት አልዛስ ውስጥ፣ ሞልስሃይም በምትባል ትንሽ ከተማ የመኪና ፋብሪካ ከፈተ። አያቱ ካርሎ ስመ ጥር የቤት ዕቃ ሠሪ፣ አጎቱ ሬምብራንት ደግሞ የእንስሳት ቀራጭ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ በእጅ የማይሠራ ሰው ነበር ለማለት ይከብዳል። ዣንም ገና በ23 ዓመቱ ሮያል ለተባለው ግዙፍ መኪና አካል ነደፈ። ደንበኛው ልብስ ነጋዴ ነበር፤ በሌሊት ስለማይነዳ የፊት መብራት አልተገጠመለትም! (ሀብታም ሲቀብጥ እንዲህ ነው።)

በ1935 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ኤሮሊት የተባለች መኪና ይዞ ቀረበ። አካሏ ኤሌክትሮን ከሚባል የማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ማግኒዥየም ቀላል ነው፤ ግን እሳት ሲነካው ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ መበየድ አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው የሁለቱን ላሜራዎች ጠርዝ ወደ ውጭ አጥፎ በሪቬት መስፋት ሆነ። ስፌቱ የመጣው እንግዲህ ከችግር ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። አትላንቲክ ስትሠራ ላሜራው አልሙኒየም ሆነ፤ አልሙኒየም ደግሞ ይበየዳል። ስፌቱ አያስፈልግም ነበር። ዣን ግን አላነሳውም።

አልሙኒየምም ቢሆን ዝም ብሎ አይታዘዝም። ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፣ ካላለዘቡት ይሰነጠቃል። ለማለዘብ እሳት ያሳዩታል። ብረት ሲግል ይቀላል፤ አልሙኒየም ግን ቀለሙን ሳይቀይር ቆይቶ 660 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፣ በቃ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ። ስለዚህ ሙያተኞች ላዩ ላይ ሳሙና ይቀባሉ፤ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ያነሳሉ። ከዚያ በእንጨት መዶሻ አሸዋ በሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ እየመቱ ያጎብጡታል፣ በእንጨት ከተሠራ ቅርጽ ጋር እያለኩ። እንደገና መምታት፣ እንደገና ማሞቅ። አትላንቲክ የተሠራችው 4 ብቻ ነው።

በ1936 የሞልስሃይም ሠራተኞች አድማ መቱ። ኤቶሬ ክፉኛ ተቀየመና ፓሪስ ገባ። ፋብሪካው 27 ዓመት በሆነው ልጁ ትከሻ ላይ ወደቀ። አባት ልጁን አንድ ነገር ከልክሎታል፤ እሽቅድምድም። ዣን ግን መኪና መሞከሩን አልተወም። ለእኔ ይሄ የታሪኩ ከባዱ ቦታ ነው፤ አባትየው የፈራው ፍጥነቱን ከሆነ፣ ፍጥነቱ ሙከራውም ላይ ያው ነው።

ሰኔ 1939 የቡጋቲ መኪና የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈች። ነሐሴ 11 ቀን ሌሊት ዣን ያችኑ መኪና ሞልስሃይም አጠገብ፣ ዱፒግሃይም በምትባል መንደር መንገድ ላይ ሲሞክር ድንገት ብስክሌተኛ ገባበት። እሱን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘ፣ ከዛፍ ጋር ተላተመ። 30 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጦርነቱ ፈነዳ፤ ኤቶሬም በ1947 አረፈ።

ከአራቱ አትላንቲኮች አንዷ ራሱ ዣን የሚነዳት ጥቁሯ ነበረች፤ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋች፣ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ሌላዋን በ1955 ፈረንሳይ ውስጥ የባቡር ማቋረጫ ላይ ባቡር ገጨኋት ብሎ አለፈ፤ ባለቤቱና አብራው የነበረች ሴት ሞቱ። ፍርስራሹ ግን አልተጣለም። ከዓመታት በኋላ ሙያተኞች አካሏን በእጅ መልሰው ሠሯት። ስፌቱንም መልሰው ሰፉት፤ ያለሱ አትላንቲክ አትሆንማ።

ፎቶውን ለጋራዡ ባቲላሜራ አሳየሁት። አይናገርም ብዙ። ስልኬን ተቀብሎ ስፌቱን በጥቁር ጣቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ተከተለና ሪቬቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ፎቶውን አጉልተን አብረን መቁጠር ጀመርን።