ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የጋፋት ነሐስና የመንኰራኩር ዘንግ

የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ጦርነቱ፣ እስረኞቹና መቅደላ አብረው ይነሣሉ። በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ ግን የንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ዓመታት ያለፉት በአንድ የሙያ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም እጅግ ከባድ የሆነን ዕቃ መንገድ በሌለበት አገር በመንኰራኩር የማንቀሳቀስ ጥያቄ ነው። የጥያቄው መፈተኛም በአብዛኛው የአገሩ ምድር ነበር።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ሽፍትነታቸውና ከመሳፍንቱ ጋር ያደረጉት ትግል በሰፊው የተጻፈ ስለሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ የደረሰባቸው ሽንፈት ነው። የግብፅ ሠራዊት በመድፍና በሥርዐት ተሰልፎ ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ አሳያቸው። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሥተው፣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላም የደባርቂን ትምህርት አልረሱም።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት የሰፈሩት ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን ከስዊስ አገር ከቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተላኩ የወንጌል ሰባኪዎች ነበሩ። እጀ ሥራ ያውቁ ነበር እንጂ መድፍ አቅላጮች አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩ ባዘዟቸው ጊዜ ሙያው የላቸውም ብለው ቢያመለክቱም የሚሰማቸው አላገኙም፤ አገልጋዮቻቸው ታሰሩባቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ቴዎድሮስ ግን እንደገና እንዲሞክሩ አዘዙ እንጂ ተስፋ አልቈረጡም። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃል ከተጨመረ በኋላ ሥራው እየሰመረ ሄደ፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ትልቅ መድፍ ተሠራ። ማስገደዱ ሊመሰገን አይችልም። የከሸፈን ሙከራ የትምህርት መጀመሪያ አድርጎ የማየት ጠባያቸው ግን በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥት ቀርቶ በፋብሪካም ብርቅ ነበር።

መድፍ የሚቀለጥበት ነሐስ በጥንቱ ልማድ ከ100 እጅ 90 ያህሉ መዳብ፣ 10 ያህሉ ቆርቆሮ ነው። ይህ ቅይጥ የሚፈለገው ጠንካራ ብቻ ሳይሆን የማይሰባበር በመሆኑ ነው። ለመንኰራኩር ዘንግ መቀመጫ፣ የእኛ መካኒኮች ኩሽኔታ ለሚሉት፣ ከሁሉ ከሚስማሙት ብረቶች አንዱም ይኸው የመድፍ ነሐስ ነው። ዛሬም በውጭ አገር በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር አሳንሰው በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ዘንጉን ከብረት፣ መቀመጫውን ከመድፍ ነሐስ ያደርጋሉ። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ብረት በተመሳሳይ ብረት ላይ ዘይት አጥቶ ሲሽከረከር ይነካከሳል፣ ይቧጨራል። ነሐሱ ግን ከዘንጉ ስለሚለሰልስ ቀድሞ የሚበላው እርሱ ይሆናል፤ የተበላ መቀመጫ መለወጥ ደግሞ ዘንግ ከመለወጥ ይቀላል። መዳብና ዚንክ ብቻ የተቀላቀሉበት ቢጫው ቅይጥ፣ ብራስ የሚባለው፣ መልኩ ቢያምርም ለዚህ ሥራ ከመድፍ ነሐስ ያንሳል። በመድፍና በኩሽኔታ መካከል ያለው ዝምድና በሰውም ታይቷል። ስሙን ለባቢት ቅይጥ የሰጠው አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት በቦስተን የመድፍ ማቅለጫ ውስጥ የሠራ ሰው ሲሆን፣ ለዘንግ መቀመጫ የሚሆነውን በቆርቆሮ ላይ የተመሠረተ ለስላሳ ቅይጥ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው።

ቴዎድሮስ ለሚሽከረከር ነገር የነበራቸው ፍላጎት በሠረገላ ብቻ አልቆመም። በ1858 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል ትላልቅ ታንኳዎች አሠርተው በግራና በቀኝ መንኰራኩር አስገጠሙላቸው። መንኰራኩሮቹ በሰው እጅ፣ እንደ መሳያ ድንጋይ በእጀታ የሚዞሩ ነበሩ። ያላዩትን የእንፋሎት መርከብ አሠራር ከወሬ ተነሥተው ለመድገም የተደረገ ሙከራ ነው። እንፋሎቱ ብቻ ጐደለ እንጂ የዘንጉና የመቀመጫው ነገር እዚያም ሙሉ በሙሉ ነበር። ከእንግሊዝ አገር እንዲላኩላቸው የጠየቋቸው ባለሙያዎችና መሣሪያዎችም ምጽዋ ድረስ መጥተው፣ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ደጋው ሳይወጡ ቀሩ።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። በጋይንት በኩል አድርገው ጨጨሆን፣ ቤተ ሖርን፣ የጅዳን ገደል፣ ደላንታንና በሽሎን አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል መሆኑ ነው! መንገዱ ፊት ለፊት እየተቈረጠ፣ ድንጋዩ በባሩድ እየተፈነዳ የተሠራ ሲሆን፣ ቴዎድሮስ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ፣ አፈር ይጠርጉ ነበር። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደውን፣ በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራውን የዛሬውን ጐዳና የሚያውቅ ባልደረባ ጨጨሆ ምን ዓይነት ቦታ እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ጉዳዩን በአኃዝ ማየት ይጠቅማል። የሠረገላውን ክብደት ትተን መድፉን ብቻ 7,000 ኪሎ እንበል፤ የመንኰራኩሩን ስፋት የዘንጉ 10 እጥፍ አድርገን እንውሰድ። ዘንጉ ያለ ቅባት በደረቁ ቢሽከረከር የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን፣ ለመጐተት 210 ኪሎ ያህል ኀይል ይፈልጋል። መቀመጫው የመድፍ ነሐስ ሆኖ ሞራ ቢቀባ መጠኑ ወደ 0.08 ወርዶ 56 ኪሎ ይበቃል። አንድ ሰው ሳያርፍ 15 ኪሎ ይጐትታል ብንል፣ የተሻለው ኩሽኔታ የሚያተርፈው 10 ሰው ገደማ ብቻ ነው። አምስት ሜትር ተኬዶ አንድ ሜትር በሚወጣበት አቀበት ግን ክብደቱ ብቻውን 1,400 ኪሎ፣ ማለት ከ90 ሰው በላይ ይጠይቃል። ያልተደለደለ ለስላሳ አፈር ደግሞ 700 ኪሎ ያህል ይጨምርበታል። በዚያ ጕዞ ላይ መድፉን በጠፍር የጐተቱት ሰዎች በመቶ የሚቈጠሩ መሆናቸው ስለዚህ አያስገርምም። ቍልቍለቱም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ሰዎቹ ከኋላ በጠፍር ይዘው እያዘገዩ ማውረድ ነበረባቸው፤ እዚያ ላይ የሚያንቋርረው ደረቅ ዘንግ ጠላት ሳይሆን ረዳት ነው። እንግዲህ ቴዎድሮስ ኀይላቸውን ከሁሉ አስቀድመው በመንገዱ ላይ ማዋላቸው ትክክለኛ የምሕንድስና ፍርድ ነበር። ለስድስት ወር ጕዞ የኩሽኔታው ትልቁ ጥቅም ጕልበት መቈጠቡ ሳይሆን ዘንጉ እንዳይበላና መንኰራኩሩ እንዳያዘነብል መጠበቁ ነው።

በዚያው ወራት ከዙላ የባሕር ወሽመጥ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ወደ ተራራው ግርጌ እስከ ኩማይሊ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ባቡሮቹ ከሕንድ የመጡ፣ ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ሐዲዱም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ፉርጎዎቹ ሞላ የላቸውም ነበር። የበረሃ አሸዋ ዘይት በነካው የዘንግ መቀመጫ ውስጥ ሲገባ እንደ ሞረድ መብላቱን ባቡር ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሐዲዱ ጦርነቱ እንዳበቃ ተነቅሎ ተወሰደ። የሚገርመው ግን ይህ ባለ ባቡር ሠራዊት ጅዳንና በሽሎን ሲሻገር የተጠቀመው ቴዎድሮስ በቈረጡት መንገድ መሆኑ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ጦርነቱ ሲደረግ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ባሩድ ከመጠን በላይ ስለ ጐረሰ ገና ሲተኰስ ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል እዚያው ተራራ ላይ ቀርቷል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ ቸርችል ጐዳና ላይ በስማቸው በተሰየመው አደባባይ ቆሟል።