የድኃውን ደጅ ያንኳኳው ሊቅ፦ ብፁዕ ፍሬድሪክ ኦዛናም

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ጎብዬን ያውቃታል። የራያ ቆላ ማሽላ ባማረበት ዘመን አገሩ ጠግቦ ያድራል፤ ዝናቡ የቀረ እንደ ሆነ ግን መከራው ይበረታል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ብዙ ቤተሰብ ጎጆውን ዘግቶ ወደ መንገድ ወጥቷል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት አካባቢውን አፈናቅሎታል። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ለችግረኛው የደረሰለት ርዳታ ሁለት ዓይነት እንደ ነበረ እናስተውላለን። አንደኛው ከሩቅ መጥቶ በስም ዝርዝርና በሰልፍ የሚታደል እህል ነው። ሁለተኛው ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው፣ ወሎዬው ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል በቅሬ ተሰብስቦ የሚፈጽመው ነው። የመጀመሪያው ብዙ ነፍስ አትርፏልና አናቃልለውም፤ ሆኖም የሚቆጥረው አፍን እንጂ ቤትን አይደለም። ቅሬው ግን የማን በሬ እንደ ሞተ፣ የማን ልጅ እንደ ታመመ ጠንቅቆ ያውቃል።

ይህ ልዩነት ከአንድ መቶ ዘጠና ዓመት በፊት በፓሪስ ከተማ አንድን የሃያ ዓመት ተማሪ አሳስቦት ነበር። የሕይወት ታሪኩን ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነውም ስለዚህ ነው።

ፍሬድሪክ ኦዛናም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1813 በሚላኖ ከፈረንሳውያን ወላጆች ተወለደ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያደገው ግን በሊዮን ነው። አባቱ ድኆችን ያለ ክፍያ የሚያክም ሐኪም ነበር፤ እናቱም ችግረኞችን በየቤታቸው ትጠይቅ ነበር። ከአሥራ አራቱ ልጆቻቸው አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ ቤቱ ኀዘንን የሚያውቅ ቤት ነበር። በ1831 የሊዮን ሐር ሸማኔዎች የሥራቸው ዋጋ አንሶ ቢያስርባቸው ዐመፅ አነሡ፤ ኦዛናምም በዚያው ዓመት ሕግ ሊማር ወደ ፓሪስ ሄደ።

በፓሪስ የካቶሊክ ተማሪዎች ጉባኤ አቋቁመው ከማያምኑ ጓደኞቻቸው ጋር በታሪክና በፍልስፍና ይከራከሩ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከተከራካሪዎቹ አንዱ የቤተ ክርስቲያንን ያለፈ ክብር ካመነ በኋላ፣ ዛሬስ ለድኃው ምን ታደርጋላችሁ ሲል ጠየቃቸው። መልስ አልነበራቸውም። ኦዛናም በክርክር ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ጥያቄ በቃል እንደማይመለስ ተረዳ። በ1833 ሚያዝያ 23 ቀን፣ በልደቱ ዕለት፣ ከአምስት ተማሪዎችና ከጋዜጣ አዘጋጁ ከኤማኑኤል ባዪ ጋር ተሰብስቦ በኋላ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የተባለውን ጀመረ።

ወጣቶቹ በጎ ፈቃድ እንጂ ልምድ አልነበራቸውም። በሙፍታር ሰፈር ለብዙ ዓመታት ድኆችን ያገለገለችው እኅት ሮዛሊ ራንዱ መራቻቸው፤ የሚጎበኟቸውን ቤተሰቦች ነገረቻቸው፣ የዳቦና የማገዶ መቀበያ ካርድ ሰጠቻቸው። ካርዱ ግን መግቢያ ብቻ ነበር። ጎብኚው ደረጃውን ወጥቶ፣ ተቀምጦ፣ የቤት ኪራዩ ስንት እንደ ሆነ፣ አባትየው ሥራ ለምን እንዳጣ፣ ልጆቹ ይማሩ እንደ ሆነ ሰምቶ ይመለሳል። ያየውን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያቀርባል፤ ለዚያ ቤት የሚበጀውም በምክክር ይወሰናል።

በእነዚያው ዓመታት በዚያው ከተማ ኦጉስት ኮምት የኅብረተሰብን ሕግጋት የሚመረምር ትምህርት እያዘጋጀ ነበር፤ ሶሲዮሎጂ የሚለውም ስም የእርሱ ነው። ኦዛናም በዚህ ዘርፍ መጽሐፍ አላሳተመም። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ለምን ደኸየ ብሎ ከቤቱ ውስጥ ሆኖ መጠየቅ ራሱ የኅብረተሰብ ጥናት አይደለምን? እንዲያውም በእኛ አስተያየት፣ ከላይ ሆኖ ሕዝብን በጅምላ ከሚያይ ሊቅ ይልቅ የኦዛናም ዘዴ ለእውነቱ ይቀርባል።

ከዚህ ጉብኝት ያገኘው ዕውቀት ወደ ትምህርቱ ገባ። በ1839 እና 1840 በሊዮን የንግድ ሕግ ሲያስተምር የሠራተኛ ደመወዝ ለዕለት ኑሮው ብቻ ሳይሆን ልጆቹን ለማሳደግና ለእርጅናው ጭምር ሊበቃ እንደሚገባ አስረዳ። ምጽዋት የቆሰለውን ይጠግናል፤ ቁስሉን የሚከለክለው ግን ፍትሕ ነው የሚል እምነት ነበረው። ርዳታም ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲወርድ ተቀባዩን ያዋርዳል፤ የሚያከብረው ተቀባዩም በተራው የሚሰጠው ሲኖር ነው ብሎ ጽፏል።

በዚህ ነጥብ ቅሬን መልሰን ልናነሣ እንወዳለን። በቅሬ ዛሬ የተረዳው ነገ ረጂ ነውና ማንም አንገቱን አይደፋም። ይሁን እንጂ ቅሬ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ለቀብርና ለኀዘን ነው፤ መዋጮ የሚጠየቅ ከሆነም ለመክፈል አቅም ያጣ ቤት ከማኅበሩ እንዳይርቅ ያሰጋል። ኦዛናምና ጓደኞቹ ያንኳኩት ደጅ እንዲህ ያለውን ደጅ ነበር፤ ያውም ሞት ሳይቀድማቸው።

ኦዛናም በ1841 አሜሊ ሱላክሯን አገባ፤ በ1844 በሶርቦን የውጭ አገር ሥነ ጽሑፍ መምህርነት ወንበር ተሰጠው፤ በ1845 ማሪ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። የ1848 አብዮት በተነሣ ጊዜ ከአባ ላኮርዴር ጋር አዲስ ጋዜጣ መሠረተ፤ በጽሑፎቹም ባለጸጎች የሠራተኛውን ችግር እንዲመለከቱ ወተወተ። በሰኔ ወር በፓሪስ ጎዳናዎች ደም ሲፈስ፣ ሊቀ ጳጳሱ ዴኒ አፍር እንዲያስታርቁ ከለመኗቸው ሦስት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ሄዱ፤ በጥይት ተመትተውም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ካቶሊካውያን ፈርተው ከድኃው ጉዳይ ሸሹ፤ ጋዜጣውም በ1849 ተዘጋ። ኦዛናም ግን ሐሳቡን አልለወጠም፤ በዚያው ዓመት ኮሌራ ፓሪስን ሲመታ የማኅበሩ አባላት በሽተኞችን አገለገሉ።

ብርቱ ሕመም ያዘውና በጣሊያን አየር ቢለውጥም አልተሻለውም። መስከረም 8 ቀን 1853 በማርሴይ ዐረፈ፤ ዕድሜው 40 ዓመት ነበር። ዐፅሙ በፓሪስ በካርም ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያርፋል። ነሐሴ 22 ቀን 1997 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በፓሪስ ኖትር ዳም ብፅዕናውን አወጁ። የድኆችን ደጅ ያሳየችው እኅት ሮዛሊም በ1856 ዐረፈች፤ በ2003 እርስዋም ብፅዕት ተብላለች።