የፔኒሲሊን አባትና የመደርደሪያው ጠርሙስ

ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1881 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በሎንዶን በአንድ የመርከብ ድርጅት አራት ዓመት ያህል በጸሐፊነት ሠሩ፤ ለሕክምና ትምህርት የበቁት ከአጎታቸው በወረሱት ገንዘብ ነው። በ1928 ከዕረፍት ሲመለሱ፥ ባክቴሪያ ያራቡበት አንድ ሳሕን ሻግቶ፥ በሻጋታው ዙሪያ የነበረው ባክቴሪያ ግን ሟሙቶ አገኙት። ፔኒሲሊን የተገኘው እንዲህ ነው። አጣርተው ለሕመምተኛ ያደረሱት የኦክስፎርድ ሊቃውንት፥ ፍሎሪና ቼይን፥ በ1945 የኖቤልን ሽልማት አብረዋቸው ተካፈሉ።

ይህን አንባቢያችን ከትምህርት ቤት ያውቀዋል። እኛን ያስደነቀን በሽልማቱ ጊዜ ስቶክሆልም ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ሌላው ሰው ድሉን ብቻ ባወራ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድ ምሳሌ ፈጥረው ተናገሩ። ጉሮሮውን የታመመ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ በራሱ ፈቃድ ይወስዳል፤ መጠኑ ባክቴሪያውን ሊገድለው አይበቃም፥ መድኃኒቱን መቋቋም ያስተምረዋል እንጂ። በሽታው ወደ ሚስቱ ይጋባል፤ ለእርሷ መድኃኒቱ አልሠራ ይልና ትሞታለች።

ይህን ስናነብ ትዝ ያለን የየቤቱ መደርደሪያ ነው። ሕፃኑ ሲያተኩሰው ከታላቅ ወንድሙ የተረፈው ሽሮፕ ይወርድለታል፤ በውሃ የተበጠበጠ ሽሮፕ ብዙ ሳይቆይ ኃይሉ እንደሚደክም፥ የሕፃን መጠንም በክብደቱ እንደሚሰላ ለእናቱ የነገራት የለም። ትኩሳቱ በማግሥቱ ሲበርድ ጠርሙሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሕመሙ ጉንፋን ከሆነማ፥ ጉንፋን ከቫይረስ ስለሚመጣ፥ መድኃኒቱ ከመጀመሪያውም አይነካውም።

ፍሌሚንግ በ1955 ሎንዶን ውስጥ ዐርፈው በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበሩ። የፈሩት ባክቴሪያ፥ ፔኒሲሊንን የለመደው፥ ገና በሕይወታቸው ሳሉ በሆስፒታሎች ውስጥ ተገኝቶ ነበር።