ትኩሳትን በቁጥር ያስነበበው ሐኪም

በዲላና በዙሪያዋ ወባ በሚበረታበት ወቅት ሕፃን ታቅፋ ጤና ኬላ የምትደርስ እናት አስቀድማ የምትጠየቀው ስለ ልጇ ትኩሳት ነው። መለኪያው በብብት ሲቀመጥ በብዙዎች ሐሳብ ውስጥ 37 የሚል ቁጥር አለ። ይህን ቁጥር ለዓለም ያስለመደው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ራይንሆልድ አውጉስት ዉንደርሊሽ ነው።

ዉንደርሊሽ እ.ኤ.አ. በ1815 በደቡብ ጀርመን፣ ዙልትስ በተባለች ከተማ ተወለደ። በቱቢንገን ሕክምና ተምሮ በ1850 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በዘመኑ ትኩሳት ራሱን የቻለ በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አብዛኛው ሐኪምም ገላን በእጁ ዳስሶ ይፈርድ ነበር። እርሱ ግን እጅን አላመነም። በሆስፒታሉ የተኙትን ሁሉ በየቀኑ ማስለካት ጀመረ። የዚያን ጊዜው ቴርሞሜትር ረጅምና የማይመች ሲሆን፣ በብብት ሥር ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆየት ነበረበት። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለአንድ ንባብ! በ1868 ያሳተመው መጽሐፍ በ25,000 ያህል ሕሙማን ልኬት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ይነገራል።

በመጽሐፉ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድን የጤነኞች አማካይ አድርጎ አስቀመጠ፤ ነገር ግን ሰውን ሁሉ በአንድ ቁጥር አላሰረም። ሙቀት ንጋት ላይ ዝቅ፣ ወደ ማታ ከፍ እንደሚል፣ የሴቶች ከወንዶች ጥቂት እንደሚበልጥ፣ በአረጋውያን እንደሚቀንስም አስተውሏል። ትኩሳትም የበሽታ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ እንዳልሆነ አስረዳ። በ1877 በላይፕዚግ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ አማካዩ ቀረ፤ ልዩነቱ ተረሳ። የጌዴኦ ገበሬ ግን ነገሩን ከቡናው ያውቀዋል። ከአንድ ማሳ የተለቀመ ቡና በወንፊት ቢለይ አብዛኛው ፍሬ መካከለኛ ነው፤ በጣም ትልቁና በጣም ትንሹ ጥቂት ነው። ይህ በሥዕል ሲወጣ የደወል ቅርጽ ይይዛል፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች መደበኛ ሥርጭት ይሉታል። የጤነኞች ሙቀትም ከዚህ ቅርጽ ብዙ አይርቅም።

በ1992 በአሜሪካ 148 ጤነኛ ወጣቶችና ጎልማሶች በአፍ ተለክተው አማካዩ 36.8፣ የተለመደው ልዩነት ደግሞ 0.4 ዲግሪ ያህል ሆኖ ተገኘ። በመደበኛ ሥርጭት ሒሳብ ከመቶ ልኬት 95 ያህሉ በ36 እና በ37.6 መካከል ያርፋል ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑን ቡና ሲለቅም ውሎ ማታ 37.2 የተነበበለት ሰው ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ዘወትር 36.2 የሚነበብለት ሌላው ግን በዚያው ቁጥር መታመም ጀምሮ ይሆናል።

በወባ አካባቢ በብብት ተለክቶ 37.5 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት እንደ ትኩሳት ይቆጠራል። ቁጥሩ ወባ ነው ብሎ አይፈርድም፤ ያንን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ መሄድ የሚመከረውም ለዚህ ነው።